ሁለንተናዊ ጤና በጅግጅጋና አካባቢዋ

ሁለንተናዊ ጤና ማለት አካልን፣ አእምሮን፣ መንፈሳዊ ሕይወትንና ማኅበራዊ ኑሮን ሳይነጣጥል የሚመለከት የጤና አያያዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥቱ ጤናን የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የተሟላ አካላዊ፣ አእምሯዊና ማኅበራዊ ደህንነት ብሎ ተርጉሞታል። በሶማሌ ክልል ርዕሰ ከተማ በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህና በቶጎ ውጫሌ ለሚኖሩ ሶማሌዎች ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ሰላምታቸው «ነበድ» (ሰላም) ነው፤ መልካም ኑሮን «ነበድ ኢዮ ዓኖ» (ሰላምና ወተት)፣ ተቃራኒውን ደግሞ «ዖል ኢዮ አባር» (ጦርነትና ድርቅ) ይሉታል።

ምግብና ኑሮ

በአርብቶ አደሩ ቤት ጤና ከመንጋው ይጀምራል። የግመል ወተት ከላም ወተት የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ትኩስ አትክልት እምብዛም በማይገኝበት ኑሮ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድርቅ ግመሉን ሲወስድ ግን የሚጎድለው ወተት ብቻ አይደለም፤ ጥሎሹ፣ ለተቸገረ ዘመድ የሚሰጠው እርዳታና የባለቤቱ ክብር አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ የሚመጣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት በክኒን ብቻ አይድንም።

ከሐረርጌ የሚመጣው ጫት ሁለት ገጽታ አለው። ከሰዓት በኋላ አብሮ መቃም ለብዙዎች መወያያና መጽናኛ ነው። ሆኖም ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገሩ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ የአእምሮ ሕመምንም ሊያባብስ ይችላል።

ሕክምና

ሰው ሲታመም በመጀመሪያ የሚሰበሰበው ቤተሰብ ነው። ቁርአን ይቀራል፤ የተቀራበት ውኃ ይጠጣል፤ ማርና ጥቁር አዝሙድም ይሰጣል። የአእምሮ ሕመም (በሶማልኛ «ዋሊ») ብዙ ጊዜ ከጂን ጋር ስለሚያያዝ ሕመምተኛው በቁርአን ወደሚፈውሱ ሰዎች ይወሰዳል። እንደ ካራማራ ያለ ሆስፒታል ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው መድረሻ ነው። መዘግየቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ ለምሳሌ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒት ሳይጀምር እሳት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ጸሎቱና መድኃኒቱ ግን የግድ አይጋጩም። በረመዳን ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ምክር ቢጾም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። እስልምና ለሕመምተኛ ጾምን የማዘግየት ፈቃድ ይሰጣል፤ ይህን ሐኪሙ ከሚናገር ሼኩ ቢናገር የሚሰማው ይበዛል።