ስሙ የአንዱ፥ በረራው የሌላው

የአውሮፕላን ቲኬት የሚገዛ ሰው በኩባንያው ስም ተማምኖ ይገዛል። በአሜሪካ ግን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. መንግሥት የበረራን መሥመርና ዋጋ መወሰኑን ከተወ ወዲህ፥ ታላላቆቹ ኩባንያዎች አጭሩን ጉዞ በእነርሱ ስምና ቀለም ለሚበሩ፥ ለአብራሪዎቻቸውም አነስተኛ ደመወዝ ለሚከፍሉ ትናንሽ ኩባንያዎች እየሰጡ ሄዱ።

የታላላቆቹ አብራሪዎች ነገሩን በብርቱ ተቃወሙ። በሥራ ውላቸውም ለሌላ የሚሰጠውን አውሮፕላን ብዛትና የወንበሩን ቁጥር የሚወስን አንቀጽ አስገቡ። ለእንጀራቸው ሲሉ ነው ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን መንገደኛው በማን እጅ እንደሚበር ይወቅ ማለታቸው ከእንጀራ ያለፈ ክርክር ነበር። የትናንሾቹም ቢሆኑ ዝም አላሉም፤ በ2001 የኮምኤር አብራሪዎች 89 ቀን ሥራ አቁመዋል።

በፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 የኮንቲኔንታልን ስም ይዞ ከኒውአርክ ወደ በፋሎ የሚበር አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዱ በገዛ ቤቱ የነበረ ሰው ነው። የሚያበረው ግን ኮልገን የተባለ ትንሽ ኩባንያ ነበር። ፍጥነቱ ጎድሎ ማስጠንቀቂያው ሲነሣ፥ ካፒቴኑ መሪውን መግፋት ሲገባው ወደ ኋላ እንደ ሳበው ምርመራው ገለጠ።

የሟቾቹ ቤተ ሰቦች ወደ ኮንግረስ እየተመላለሱ አቤት በማለታቸው በ2010 ሕግ ወጣ። ቀድሞ በ250 ሰዓት ሊቀጠር ይችል የነበረው ረዳት አብራሪ፥ ከ2013 ጀምሮ፥ ከጥቂት ልዩ ፈቃድ በቀር፥ 1500 ሰዓት የበረረ እንዲሆን ተደረገ። (በበፋሎ የሞቱት ሁለቱም አብራሪዎች ግን ከዚህ የበለጠ ሰዓት ነበራቸው።) ለአብራሪዎቹ የቀድሞ ክርክር ይበልጥ የሚቀርበው ሌላው አንቀጽ ይመስለኛል፤ ይኸውም ቲኬት ሻጩ፥ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፥ በእውነት የሚያበረውን ኩባንያ ስም በግልጽ እንዲያስታውቀው ያዛል።