አራስን መጠበቅ፤ በወገራና በሰሜን ግርጌ የወላዶች የመንፈስ ጤና ታሪክ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ አክሱም በሚወስደው ጎዳና የሚጓዝ ሰው የወገራን ደጋ አቋርጦ መጀመሪያ ዳባትን፣ ቀጥሎም ደባርቅን ያገኛል። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ መንገዱ የገደሉን አፋፍ እየተከተለ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ወዳለው ወደ ሳንቃ በር ይወጣል። ይህ አገር በዋልያውና በጭላዳው በዓለም ታውቋል፤ ስለ አውሬዎቹ የተጻፈውም ስለ ወላዶቹ ከተጻፈው እጅግ ይበልጣል። ይሁን እንጂ የእርጉዝና የአራስ መንፈስ በቀድሞው ዘመን በማን ይጠበቅ እንደ ነበረ ለመመርመር ለሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም። የክርስቲያኑ፣ የቤተ እስራኤሉና የዛር ባለቤቱ ልማድ በአንድ አገር ጎን ለጎን ኖሯል፤ ለገጠሩ ሕዝብ ተብሎ የተሰናዳው ዘመናዊ የጤና ትምህርትም መሠረቱን የጣለው በዚሁ በጎንደር ነው።

ከቃሉ መጀመር ያስፈልጋል። እርጉዟ «ነፍሰ ጡር» ትባላለች፤ የምትሸከመው ነፍስ ነውና። የሚሰጣት ምርቃት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የሚል ነው፤ ይኸውም ገና ካልወጣችበት አደጋ ውስጥ እንዳለች በግልጽ ይመሰክራል። ምጥ ሲይዛት የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው የእመቤታችንን ስም ይጠራሉ፤ ከተገላገለች በኋላ እልልታው ይሰማል፤ ገንፎውም ይገነፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥርዐት በአንድ ትእዛዝ ላይ የቆመ ነው፤ አራስ ብቻዋን አትተውም። ከራስጌዋ ብረት ይቀመጣል፤ ከአጠገቧ እናቷ ወይም እኅቷ ወይም ጎረቤቷ ትገኛለች። በብዙ ስፍራ ሴቲቱ የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት የምትወልደውም ስለዚህ ነው። በልጅነቷ ተድራ በባል ዘመዶች መካከል ለምትኖር ሴት ይህ ጥቂት ዕረፍት አልነበረም።

ጥበቃው ከማን እንደ ሆነ የሚያስረዳው ክታቡ ነው። ደብተራው በብራና ላይ የሚጽፈው ጥቅል ቁመቱ ከባለቤቲቱ ቁመት ጋር እንዲተካከል ይደረጋል፤ የክርስትና ስሟም በጸሎቱ መካከል ይገባል። ከእነዚህ ጽሑፎች ሁሉ በወላዶች ዘንድ የተወደደው ጸሎተ ሱስንዮስ ነው። ሱስንዮስ ሕፃን ልጁን የገደለችበትን ወርዝልያን በፈረስ ተከታትሎ በጦር ወጋት፤ ስለዚህ ጸሎቱ ባለበት ቤት እርሷ አትገባም ይባላል። በክታቡ ራስ ላይ ፈረሰኛውና ጦሩ ተሥለው ይታያሉ። ሕፃናት በተከታታይ የሚሞቱባት እናት ደግሞ ሾተላይ አለባት ይባላል። ዛሬ ሐኪሞች ከዚህ ሞት ከፊሉን በእናትና በልጅ ደም አለመስማማት ያስረዱታል፤ ነገር ግን ለታሪክ ተመራማሪው የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ክታቡ የእናቲቱን ፍርሃት በስሟ ጽፎ ያስቀመጠ ሰነድ ነው። የጎንደር አገር ሴቶች ስለ ራሳቸው የጻፉት ብዙ አይደለም፤ የፈሩትን ግን ደብተራ ጽፎላቸዋል።

የዕረፍቱ ዘመን ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ነው፤ ክርስትናውም በዚሁ ይቈጠራል። ምንጩ ኦሪት ዘሌዋውያን ሲሆን፣ መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን አስታውሶ ምክንያቱን ይተርካል። ቤተ እስራኤል ይህን ሕግ በቤት አሠራር ጭምር ገልጠውታል። በሰሜንና በወገራ መንደሮቻቸው ከሰፈሩ ዳር የመርገም ጎጆና ያራስ ጎጆ ነበሩ። ወላዷ ወንድ ከወለደች 7፣ ሴት ከወለደች 14 ቀን በመርገም ጎጆ ትቆይና የቀረውን 33 ወይም 66 ቀን በአራስ ጎጆ ትፈጽማለች፤ ምግቧን ሌሎች ያመጡላታል፤ ኋላም ታጥባ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የውጭ አገር ሰዎች ይህን መገለል ብለው አዘኑለት። እነዚህ ወገኖች እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ግን ተመራማሪዎች ከሴቶቹ አፍ የሰሙት የተቀላቀለ ነገር ነው፤ ከርኩሰት ስም መላቀቃቸውን የወደዱ ሴቶች፣ ከሥራ አርፈው ከሴቶች ጋር ብቻ የተቀመጡበትን ጊዜ ናፈቁ። መገለልና ዕረፍት በአንድ ጎጆ ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ጠባቂ ዛር ነው። በጎንደር ስለ ዛር ብዙ የጻፈው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ሆኖ በመልካም አያሁ ቤት ወራት ተቀመጠ፤ በዚያም ያየው ጉባኤ አብዛኛው የሴቶች ነበር። አሜሪካዊው ሲሞን መሲንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው ጽሑፍ ያንኑ ሥርዐት እንደ ማኅበር ሕክምና ቈጠረው። የዛር ትውልድ አፈ ታሪክም ከዚህ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። ሔዋን 30 ልጆች ወልዳ ነበር፤ ፈጣሪ ሊያያቸው በመጣ ጊዜ ዐይን እንዳይወድቅባቸው ፈርታ ውበት ያላቸውን 15ቱን ሸሸገች፤ እነርሱም ተሰውረው እንዲቀሩ ተፈረደባቸው፤ ዛሮችም እነዚያ ናቸው ይላል። እንግዲህ በተረቱ መሠረት ዛር የተወለደው ከአንዲት እናት ፍርሃት ነው። የመካኗ፣ ያስወረዳትና ልጅ የሞተባት ሴት ሕመም በዛር ቤት ቋንቋ ያገኝ የነበረው ያለ ምክንያት አይመስልም። ሴቲቱ በራሷ አፍ «ከፍቶኛል» ብትል ሰሚ ባታገኝም፣ ዛሩ በእርሷ አፍ ሲናገር ባልም ጎረቤትም ያደምጣሉ፤ ልብስና ጌጥ ቢጠይቅም ይሰጠዋል።

ከዚህ ተነሥቶ የቀድሞው ልማድ የወላዶችን መንፈስ በሚገባ ይጠብቅ ነበር ብሎ መደምደም ይቻላልን? ይህ ሐሳብ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ዝነኛ ሆኗል። ስተርንና ክሩክማን እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ጽሑፍ የአራስ ዕረፍትና የዘመድ እርዳታ ባለባቸው አገሮች ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ድባቴ የቀለለ ሳይሆን አይቀርም ብለው ነበር። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኮክስ የዑጋንዳንና የስኮትላንድን እናቶች አነጻጽሮ በሽታው በሁለቱም ዘንድ ከሞላ ጎደል እኩል መሆኑን አሳየ። በወገራና በሰሜን የታየው ልማድ ራሱ ወደ ኮክስ ያደላል። ጥበቃው ከውጭ ለሚመጣ ጠላት የተዘጋጀ ነው፤ ወርዝልያ፣ ቡዳና ዛር በበር ይመጣሉ፤ በውስጥ የሚነሣ ሐዘን ግን በር አያስፈልገውም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለሚላት ጠያቂ አራሷ የምትመልሰው ምስጋና ብቻ ነው፤ አልምር ያላትን ነገር የምትናገርበት ቦታ በሰላምታው ውስጥ የለም። አልቅሳ ብትገኝ ሆደ ባሻ ትባላለች፤ ይታለፋል። ካበደች ግን ለሁሉም ይታያል፤ ወደ ጠበል ትወሰዳለች። ከ1,000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቱን የሚይዘው የአራስ እብደት መንገድ ሲኖረው፣ ከዐሥሯ አንዷን ያህል የሚይዘው ዝምተኛው ሐዘን መንገድ አልነበረውም።

በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች አብረው ወደ ገጠር እንዲወጡ ታስቦ ነበር። የዚህ አሠራር ጥቅም ታላቅ ነው። ትኩረቱ ግን በወባው፣ በውሃው፣ በክትባቱና በምጡ ላይ ነበር፤ የአእምሮ በሽተኛ መድረሻው ለብዙ ዘመን ከደባርቅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ በዳባት የተቋቋመው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጣቢያ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባል፤ ሁሉም ቀን ያላቸው ነገሮች ናቸው። የአራስ ሐዘን ግን የሚገባበት ቀን አይታወቅም።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ በኋላ ነገሩ ፈጥኖ ተለወጠ። በጤና ድርጅት የወለዱ ኢትዮጵያውያን እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 5 ነበሩ፤ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ሆኑ። እናቶችን ለመሳብ በአማራ ክልል በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ እየተገነፋ ቡናም እየተፈላ ሥርዐቱ ወደ ሐኪም ቤት ገባ። ይህ ብልኅነት ነው። ሆኖም ከሥርዐቱ የተወሰደው ምግቡ ነው እንጂ ሌሊት ከአራሷ አጠገብ የምትቀመጠው ሴት አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወለዱ በኋላ በ2 ቀን ውስጥ የጤና ምርመራ ያገኙት እናቶች 34 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ጠባቂዎቹም ራሳቸው እየተበተኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. ገደማ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ለፓርኩ ደኅንነት ሲባል ከተራራው ወርደው በደባርቅ ሰፈሩ፤ ቤት ተቀየረ፤ ጎረቤትም ተቀየረ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ በዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሶ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች በተገደሉ ጊዜ፣ ደባርቅና ዳባት ከአዲ አርቃይ በኩል በመጡ ተፈናቃዮች ተሞሉ። አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለው ሕግ አንድ ቤት፣ አንድ ምድጃና የታወቀ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ለተፈናቃይ አንዱም አይሟላም።

በቡታጅራ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በ1,065 እርጉዞች ላይ የተደረገው ጥናት 12 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የመንፈስ ጭንቀት ምልክት እንዳላቸው ሲያሳይ፣ ጭንቀቱ ከተራዘመ ምጥና ጡት ለመስጠት ከመዘግየት ጋር ተያይዞ ተገኘ። በዚያ ጥናት ዝግጅት የኤዲንብራ መጠይቅ በባላገሯ ዘንድ በሚገባ አልሠራም፤ የተሻለው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ሰውነት መዛል የሚጠይቀው ሌላው ቅጽ ነበር፤ ባላገሯ ሐዘኗን በሰውነቷ ትናገራለችና። በሶዶ ደግሞ ከወለዱ ከ1 እስከ 12 ወር የሆናቸው 3,147 እናቶች ሲጠየቁ 12.2 በመቶ ያህሉ ከባድ የድባቴ ምልክት ተገኘባቸው፤ ከእነዚህም የአእምሮ ሕክምና ያገኙት 4.2 በመቶ ናቸው። በሰሜን ግርጌ የክርስትናው ቀን በ40ው፣ ሐኪም ቤት የሚቀጥረው የመጨረሻው ቀጠሮ በ6ኛው ሳምንት ነው፤ ሁለቱ በ2 ቀን ብቻ ይለያያሉ። ወንድ የወለደችው እናት በዚያው ሳምንት ወንዝ ትወርዳለች፤ ወፍጮዋንም ትጀምራለች።