ዱባና ቅል፦ ስሙ ከየት፣ መቁረጫው መቼ

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ሲባል ስለ ሰው ጠባይ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። የሁለቱን ታሪክ ሳነብ ግን ገረመኝ። ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ዱባ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው፤ በሜክሲኮ ሰዎች አንዱን የዱባ ዘር ማልማት ከጀመሩ 10,000 ዓመት ገደማ ቢሆንም፣ ባሕር የተሻገረው እ.ኤ.አ. ከ1492 የኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው። ስሙ ግን ከተክሉ ቀድሞ ነበር። በዓረብኛ «ዱባእ» የሚለው ቃል ከዚያ ጉዞ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት የቅል መጠሪያ ነበር። እንግዳው ፍሬ የባለቤቱን ስም ወረሰ ማለት ነው።

ስም ቢወራረሱም አቆራረጣቸው አንድ አይደለም። ቅል ከነሐረጉ ደርቆ፣ ሲያንኳኩት የባዶ ዕቃ ድምፅ ሲሰጥ ይቆረጣል። ዱባን እስከዚያ የጠበቀች ሴት የኅዳር ውርጭ ይቀድማታል። የቸኮለች ደግሞ ውሃ ውሃ የሚል ወጥ ትበላለች፤ ሳይበስል የተቆረጠ ዱባ ቤት ውስጥ ቢያስቀምጡት አይጣፍጥም።

እኛ ቤት የችኮላው ወር መስከረም ነበር። በበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር ላይ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ጎተራው ተሟጧል። እናቴ ትንንሾቹን ለድስት ትቆርጥና ትልቁን ለዘር ትተወዋለች። አንድ ዓመት እሷ ገበያ ስትሄድ እኛ ልጆቿ ያንን ቆርጠን ቀቀልነው። አልመታችንም። ፍሬውን አጥባ አድርቃ አስቀመጠች፣ በግንቦት ዘራችው፣ አንድም አልበቀለም። ያን ዓመት ዘር ከጎረቤት ለመነች፤ እናቴ መለመን አትወድም ነበር።

እሷ በጥፍሯ ትፈትን ነበር፦ ልጡን ስትጫነው ጥፍር ካልገባ ደርሷል። ከሐረጉ ጋር የሚያያይዘው አንገት ደርቆ እንደ እንጨት ይሆናል፣ የልጡ ወዝ ይጠፋል፣ መሬት የነካው ጎን ከነጭነት ወደ ቢጫ ይዞራል። ስትቆርጡ አራት ጣት ያህል አንገት ተዉለት፤ አንገቱ የተነቀለ ዱባ ከዚያው ይበሰብሳል። ከዚያ 10 ቀን ያህል ሙቀትና ደረቅ አየር ባለበት ቦታ ይቆይ። እንዲህ የተያዘ ለወራት ይቀመጣል።

በመስከረም ነጋዴ በር ላይ ሲቆም ለመሸጥ የምትቸኩልን እህት አልወቅስም፤ የትምህርት ቤት ወጪ አይጠብቅም። ግን ሁለቱን እንኳ ለዘር ብታስቀር እላለሁ። ፍሬ ከያዘ ከ50 እስከ 60 ቀን ይፈልጋል። እኔ ዘንድሮ ነሐሴ 12 በያዘው ላይ ቀይ ክር አስሬያለሁ፤ ጥቅምት ሳይገባ ቢላዋ አይነካውም።