የእናት ልሳን በትምህርት ቤት ደጅ

ዝቋላ ሲባል አንባቢ አስቀድሞ የሚያስበው በሸዋ ያለውን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ተራራ ነው። ይህ ታሪክ የሚነገርለት ዝቋላ ግን በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ በሚወረድበት አገር ያለ ወረዳ ነው። የአገው ወገን የሆነው ነዋሪ በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ኽምጣና ይባላል። የዛጕዬ ነገሥታትም ወገናቸው አገው ስለ ነበር፣ በግዕዝ ማስቀደስና በእናት ልሳን መነጋገር በዚያ አገር ተጣልተው አያውቁም።

ዳሩ ግን ዘመናዊው ትምህርት ቤት ለእናት ልሳን ስፍራ አላዘጋጀለትም። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ በመላው ኢትዮጵያ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ወሰነ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዐሥራ አምስት ቋንቋዎችን ሲያዳርስ ኽምጣና ከእነዚያ አልተቈጠረም። የቆሎ ተማሪ ግዕዙን መምህሩ በሚሰማው ቋንቋ ይፈታለታል፤ ለዝቋላ ሕፃን ግን ትምህርቱም መፍቻውም እንግዳ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ከፈቀደ በኋላ ኽምጣና በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ወደ ትምህርት ቤት ገባ።

ይህን ለደቀ መዛሙርቱ የሚተርክ መምህር የካናዳን ነገር ቢያስተያይ ይጠቅመዋል፤ ልዩነቱን ግን አስቀድሞ ያስረዳ። የዝቋላው ልጅ ማታ ወደ እናቱ ይመለሳል፤ የካናዳ ነባር ሕዝብ ልጅ ግን አይመለስም ነበር። በዚያ አገር ከ1883 ጀምሮ (በአውሮጳ አቈጣጠር) መንግሥት ገንዘቡን እየሰጠ አብያተ ክርስቲያናት አዳሪ ትምህርት ቤቶችን ያስተዳድሩ ነበር፤ በ1920 ሕጉ ወላጆችን የሚያስገድድ ሆነ። 150,000 ያህል ሕፃናት ገቡ፤ በቋንቋቸው የተናገሩት ተቀጡ፤ በሺሕ የሚቈጠሩት በዚያው ሞቱ። ይህ ሁሉ በወንጌል ስም መደረጉ የቤተ ክርስቲያንን ሰው አንገት ያስደፋል።

እርቁ የተጀመረው በምስክርነት ነው። ኑዛዜ ሳይቀድም ቀኖና እንደማይሰጥ ካህን ያውቃል። ከ2008 እስከ 2015 የሠራው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ከ6,500 የሚበልጡ ምስክሮችን ሰማ፤ ካወጣቸው 94 ጥሪዎችም አንዱ ይህ ታሪክ በየክፍሉ ለተማሪዎች ይሰጥ የሚል ነው። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን በ1993፣ የሮማው ፓፓ ፍራንሲስ ደግሞ በ2022 ካናዳ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ።

ሕፃናቱ ነገሩን የሚረዱት ግን ከቍጥሩ ይልቅ በአንዲት ሸሚዝ ነው። ፊሊስ ዌብስታድ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ በ1973 አያቷ የገዙላትን ብርቱካንማ ሸሚዝ ለብሳ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ብትሄድ፣ በገባችበት ቀን ልብሷን ገፈው ወሰዱባት፤ ከዚያም ወዲያ አልመለሱላትም። ካናዳውያን ስለዚህ ሴፕቴምበር 30 ቀን ብርቱካንማ ለብሰው ያስባሉ። ቀኑ በብዙው ዓመት መስከረም 20 ላይ ይውላል፤ መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ የዝቋላም ልጆች አዲስ ደብተር ይዘው ትምህርት በሚጀምሩበት ሰሞን።