የኤልም ዛፍ ገዳይ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. ገደማ በሆላንድ አገር ለጎዳናው ጥላ የነበረው ኤልም የተባለው ዛፍ ያለ ጊዜው እየጠወለገ ይደርቅ ጀመር። አንዳንዶቹ በጦርነቱ የተረጨው የመርዝ ጋዝ ያመጣው ነው አሉ። ቤአ ሽዋርዝ የተባለች ወጣት ተመራማሪ ግን በ1922 ዓ.ም. ከታመመው እንጨት ውስጥ ያወጣችው አንድ የሻጋታ ዓይነት ገዳዩ መሆኑን ገለጠች። ብዙ ሊቃውንት አላመኑአትም፤ ሴት ስለ ሆነች ይሆን? የሞያ ባልደረባዋ ክሪስቲን ቡይስማን ሻጋታውን በጤነኛ ዛፍ ላይ ከትባ ደዌው ሲነሣ ባሳየች ጊዜ ክርክሩ ተዘጋ። አድራሹም ቅርፊት የሚቦረቡር ትንሽ ጢንዚዛ ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም ከሞተው ግንድ ሲወጣ የሻጋታውን ዘር በገላው ተሸክሞ ወደ ጤነኛው ይበራል።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብሪታንያ ከፊተኛው የከፋ ደዌ ተነሥቶ ብዙ ሚሊዮን ዛፎችን ፈጀ። ይህኛው ሻጋታ ራሱን የቻለ ሌላ ዝርያ መሆኑን ክላይቭ ብሬዚየር ለይተው ኦፊዮስቶማ ኖቮ ኡልሚ የሚል ስም ያወጡለት በ1991 ዓ.ም. ነው።