ገማቹ ማን ነው? ከበጌምድር የግብር ታሪክ ለሂሳብ ባለሙያ የተወሰደ ማስታወሻ



በቅርቡ አንድ የሂሳብ አያያዝ ተማሪ «መምህር፣ ሂሳቡን ማሽን ከሠራው የእኛ ሙያ ምን ሊሆን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የታሪክ መምህር ነኝና መልሱን ወደ ኋላ ሄጄ እፈልጋለሁ።

ደብረ ታቦር ለግብር ሙግት እንግዳ አይደለችም። ዐፄ ቴዎድሮስ «ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ የተረፈው መሬት ለገባር ይሁን» ባሉ ጊዜ ከካህናት ጋር የተጣሉት በድምር ስሕተት አልነበረም።

ይበልጥ የሚያስተምረን ግን የቀላድ ነገር ነው። በደቡብ መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ሲመደብ፣ በጌምድርና ጎጃም ሳይለኩ ቀሩ። ርስት በአባት ቆጠራ በሚያዝበት አገር ገመድ ይዞ የመጣ ሁሉ ርስት ነጣቂ ይመስላል። ስለዚህ ግብሩ በጥቅል ይመደብና ዘመድ ከዘመዱ ይከፋፈለዋል፤ ጭቃ ሹሙ ይሰበስባል። ፍትሐዊ ነበር አልልም፤ ጉልበተኛው ሸክሙን ወደ ደካማው ይገፋ ነበር። ሆኖም ገማቹ ጎረቤት ስለሆነ ፊት ለፊት ይሞገታል።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ለወረቀቱ ከሆነ ከአሥራት ይሻላል፤ ብዙ ያገኘ ብዙ ይክፈል ይላልና። ገበሬው ግን መዝገብ የለውም፤ ገቢው በገማቾች ቃል ሊወሰን ሆነ። ጎጃም ሸፈተ። በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ የከረመውም ውዝፍ ተማረ።

አባቴ የፋርጣ ገበሬ ነበር። የግብር ደረሰኞቹን ጠቅልሎ በቀርከሃ ውስጥ ያኖራቸው ነበር። ማንበብ ባይችልም የየትኛው ዓመት እንደሆኑ ከእጥፋታቸው ይለያል። ደረሰኙ የርስቱ ምስክር ነበርና ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላም አልጣላቸውም። (እናቴ ለእሳት መለኮሻ ስትመኛቸው ኖራለች።)

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ለደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ሲነገራቸው በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ብዙዎች የተነገራቸውን የቀን ሽያጭ ትርፍ ነው ብለው ሰሙት። ሽያጭና ትርፍን መለየት የሂሳብ ትምህርት ፊደል ነው፤ ያን ጊዜ ባለሙያዎቻችን የት ነበሩ? አብዛኞቹ የትልልቅ ድርጅቶችን መዝገብ ይዘጉ ነበር።

ዛሬ ደረጃ «ሐ» በ2017ቱ ማሻሻያ ቀርቷል፤ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውም እየተስፋፋ ነው። መደመሩን ለማሽኑ እንተውለት። የጋይንት ባለሱቅ ግን የዱቤ ደብተሩን ይዞ፣ ግማሹን በቃሉ እያስታወሰ ይመጣል። ያን ሰው አዳምጦ፣ ሂሳቡን አስተካክሎ፣ የበዛበትን ግምት በቅሬታ ሰሚው ፊት የሚያስረዳለት ባለሙያ ያስፈልገዋል። ተማሪዎቻችን ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ተምረው ይመረቃሉ፤ መዝገብ ከሌለው ነጋዴ ጋር ተቀምጦ መጠየቅን ግን በየትኛውም ኮርስ አናስተምራቸውም። ለትምህርት ክፍሉ ያቀረብኩት ሐሳብ ይኸው ነው፦ አንድ ወሰነ ትምህርት በደብረ ታቦር ገበያ፣ ከዱቤ ደብተር ጋር።