የምኒልክ አደባባይ ጥላ

በሐምሌ ወር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ በምኒልክ አደባባይ በኩል የሚያልፍ ሰው አስፋልቱን ትቶ ወደ ሕንጻዎቹ ሥር ይጠጋል። በኖራ የነጡት ቅስቶች ከሱቆቹ በር ፊት ረጅም በረንዳ ሠርተው ይጠብቁታል። ሱቁ ተዘግቶ፣ ነጋዴው ምሳውን በልቶ ጋደም ባለበት በዚያ ሰዓት እንኳ በረንዳው ክፍት ነው። ዓምዱን ያቆመው የሕንጻው ባለቤት ቢሆንም ጥላውን የሚጠቀምበት ማንም መንገደኛ ነው። በዚህች ከተማ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ፈረንሳይኛ ወረቀት እያገላበጥሁ ስኖር ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ ከዚሁ በረንዳ ሥር የተነሣ ነው። የሱቅ ፊት የማን ነው? ባለሱቁ ያዝዝበታል ወይስ አላፊ አግዳሚው? መልኩ ይለወጥ ሲባልስ ማን ይጠየቃል?

አደባባዩ ከነጻነት ወዲህ በይፋ የሚጠራው በነጻነቱ ዕለት፣ በጁን 27 ቀን 1977 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ባለታክሲው «ምኒልክ» ካላሉት አያደርስም ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ከእውነቱ ግን ብዙ አልርቅም።

ከተማዋ የቆየች አይደለችም። የፈረንሳዩ ሹም ሌዎንስ ላጋርድ፣ በኋላ ከአጤ ምኒልክ «የእንጦጦ መስፍን» የሚል ማዕርግ ያገኘው ሰው፣ ከኦቦክ ተሻግሮ በ1888 ሲመሠርታት ቦታው ከባሕሩ ብቅ ያሉ ጥቂት የኮራል ከፍታዎችና በመካከላቸው ውኃ ሲሞላ የሚሰወር ረግረግ ነበር። በ1896 የግዛቲቱ ዋና ከተማ ሆነች። በ1897 ጥቅምት የባቡር ሐዲዱ ሥራ ከዚሁ ተጀመረ፤ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። እንግዲህ ጅቡቲ የተቀየሰችው ለመርከብና ለባቡር ነው ማለት ይቻላል። ሰው የመጣው ከኋላ ነው፤ ከሐረር፣ ከየመን፣ ከሶማሌና ከአፋር ምድር፣ ከግሪክ፣ ከአርመን። የመጣውም ተከትሎ ሱቅ ከፈተ።

የመጀመሪያዎቹ ቀያሾች ከሁሉ በላይ የተጨነቁት ስለ ግንብ ነበር። በከፍታው ላይ ቦታ የሚፈልግ ሰው በድንጋይ ይሥራ ተባለ። ድንጋዩም ከባሕሩ የተፈለጠ ኮራል፣ ማያያዣውም ኖራ ነው። ዛሬ የምናደንቃቸው ቅስቶች ከዚህ የወጡ ናቸው። በእንጨት፣ በሰሌንና በቆርቆሮ የሚሠራው ሕዝብ ግን ወደ ደቡብ ወርዶ ቤንደር ጀዲድ በተባለው መንደር እንዲሰፍር ተደረገ፤ ከዚያም «ካርቲዬ» እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩት ሰፈሮች ተከተሉ። በዚያ ወገን ያለው ነዋሪ ይዞታው ጊዜያዊ ፈቃድ ነበር። ነገ ተነሣ የሚባል ሰው ድንጋይ አይጠርብም፤ በጣውላና በቆርቆሮ ሠርቶ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ይቀባዋል። እንግዳ ሰው «ባህላዊ የጅቡቲ ቤት» እያለ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ያ የጣውላ ፊት፣ በእኔ ግምት፣ ከባህሉ ይልቅ የፈቃድ ወረቀቱ ልጅ ነው።

ይህ መንታ ከተማ ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። እዚያም የባቡር ኩባንያው በመስመር የቀየሰው ከዚራ አለ፤ ከደቻቱ ማዶ ደግሞ ራሱን በራሱ ያበጀው መጋላ። የጅቡቲ አሮጌ ሰዎችም የአገሬውን ሰፈር «መጋላ» ይሉታል። አንዱ ቃል በሐዲዱ ሁለት ጫፍ አንድ ዓይነት ታሪክ ይዞ መገኘቱ ያለ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በበኩሏ ከዚያው ሐዲድ «ለገሃር»ን ወስዳለች፤ የፈረንሳይኛው «ጣቢያው» አማርኛ ሆኖ ቀርቷል።

ወደ መጠየቁ ጉዳይ ልመለስ። ፈረንሳዮች ጎረቤትን የመጠየቅ ልማድ የላቸውም ማለት አይቻልም። ናፖሊዮን በ1810 ባወጣው ደንብ፣ ክፉ ሽታ የሚያወጣ ፋብሪካ ከመከፈቱ በፊት በዙሪያው ያሉ ሰዎች ምን ይመቻቸዋል፣ ምንስ ይጎዳቸዋል ተብለው እንዲጠየቁ አዝዞ ነበር። ሥርዓቱም እስከ ዘመናችን ድረስ «ኮሞዶ ኢንኮሞዶ» በሚል የላቲን ስም ይጠራል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ዶሴው ከአንድ መዝገብ ጋር ለሕዝብ ይቀመጣል፣ የፈለገ መጥቶ አስተያየቱን ይጽፋል። በ1919 የወጣው ሕግ ከአሥር ሺህ በላይ ሕዝብ ያላቸውን የፈረንሳይ ከተሞች ፕላን እንዲኖራቸው አስገደደ። በ1983 የወጣው ደግሞ ሕዝብ ሳይጠየቅ የማይሠራባቸውን ነገሮች አበዛ።

ልማዱ ባሕር ሲሻገር ግን የሚጠየቀው ሰው አነሰ። የቅኝ ግዛቱ ተወላጅ እስከ 1946 ድረስ ተገዢ እንጂ ዜጋ አልነበረም። መዝገቡ በፈረንሳይኛ፣ መጻፊያውም በፈረንሳይኛ። በዚያ ላይ የመጋላው ሰው አብዛኛው በቃል የሚዋዋል፣ በምስክር የሚያምን ነው። በእኛም በኩል ቢሆን የሚያኮራ ነገር የለም፤ ነጋሪቱ ተጎስሞ «ስማ፣ ስማ» ሲባል ሕዝቡ እንዲሰማ እንጂ እንዲመልስ አይደለም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የገበያ መንገድ ሊታደስ ነው ተብሎ የንድፍ ባለሙያዎች ከነጋዴዎቹ ጋር ሲነጋገሩ በአስተርጓሚነት ተጠራሁ። የስብሰባውን ማስታወቂያ ወደ አማርኛ የመለስሁትም እኔ ነበርሁ። ፈረንሳይኛው «አንኬት ፑብሊክ» ይላል። ቸኩዬ «የሕዝብ ምርመራ» አልሁት። ቃል በቃል ስሕተት የለበትም። በስብሰባው ቀን ግን ከመንገዱ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች መካከል የመጡት ጥቂት ናቸው። ምርመራ ከተባለ የሚመረመር አለ፤ የሚመረመረውም ወረቀቱ ያልተሟላ ነው ብለው፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ሱቃቸውን ዘግተው ውለዋል። ከመጡት አንድ አዛውንት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ አውጫጭኝ ነው እንዴ የተጠራነው?» አሉኝ። በአገራችን ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ እስኪታወቅ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ የሚቆይበትን፣ አፈርሳታም የሚባለውን ሥርዓት ማለታቸው ነው። አፈርሁ። የአንድ ቃል ምርጫ ግማሽ መንገድ ሰው ከጉባኤ ሊያስቀር እንደሚችል ያን ጊዜ ገባኝ።

ንድፉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ያምራል፤ አልዋሽም። የሱቆቹ ፊት ሁሉ በአንድ መስመር፣ የስም ሰሌዳው በአንድ ቁመት፣ ቀለሙ ነጭና ፈዛዛ ቢጫ። አንዲት ምግብ ቤት ያላቸው ሴት ግን ቀለሙን አልተመለከቱትም። ጣታቸውን ከበራቸው በላይ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አድርገው የቆርቆሮ ጥላቸው የት እንደ ገባ ጠየቁ። ጥላው አስቀያሚ ነው፤ እርሳቸውም አልካዱም። ደንበኞቻቸው ሸካሚዎችና የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው፣ በቀትር ነው የሚመጡት፣ ውስጡ አራት ጠረጴዛ ብቻ ይይዛል። ጥላው ከተነሣ ሰው የሚቀመጥበት የለም። ባለሙያው ይህን ስተረጉምለት ቀና ብሎ አያቸውና ጻፈ። እኔም በልቤ ከምኒልክ አደባባይ ቅስት ጋር አስተያየሁት። አንዱ በኮራል፣ አንዱ በቆርቆሮ የተሠራ ነው እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ አንደኛው ቅርስ ሲባል ሌላኛው ግን ጉድፍ መባሉ ከአሮጌው የግንብና የጣውላ ፍርድ የተረፈ ይመስለኛል። ከወራት በኋላ የመጣው ሁለተኛው ንድፍ ለመንገዱ በሙሉ በረንዳ ነበረው። በሴትዮዋ ቃል ይሁን በሌላ ምክንያት ማንም አልነገረን።

የከተማዋን ታሪክ በበረንዳ ብቻ መጨረስ አይቻልም፤ አጥርም አለ። በ1966 ነሐሴ ጄኔራል ደጎል ሲመጡ የነጻነት ጥያቄ በአደባባይ ተነሥቶ ደም ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ አስተዳደሩ ከተማይቱን በእሾሃማ ሽቦ ከበበ። ወደ ውስጥ መግባት የተከለከለው ሰው ከሽቦው ውጭ ቤቱን ቀለሰ፤ ባልባላ እንዲህ ተወለደ። ከነጻነት በኋላ በ1980ዎቹ የከተማው አካል ሆነ። (ኦሮምኛ የሚያውቅ አንባቢ «ባልባላ» ሲባል «በር» ብሎ ይሰማዋል። የስሙ ምንጭ ይህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከአጥር ውጭ ለበቀለ ሰፈር ግን ይስማማዋል።) ባልባላን ማንም አልቀየሰውም፤ ማንም ግን ሳይኖርበት አልቀረም። የ2009 ሕዝብ ቆጠራ በከተማዋ ከ475 ሺህ በላይ ሰው ሲመዘግብ፣ ታላቁ ድርሻ በዚያ ወገን ነበር።

በ2006 በመጀመሪያው የአካባቢ ምርጫ ከተማዋ ራስ ዲካ፣ ቡላኦስና ባልባላ በተባሉ ሦስት ኮሚዩኖች ተወከለች። በ2018 ደግሞ የዓለም ባንክ ለጎስቋላ ሰፈሮች ማሻሻያ ገንዘብ ሲፈቅድ ነዋሪው በሥራው እንዲሳተፍ ታስቦ ነበር። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ነገር ግን ምርጫ የዜጋ ነው። በኢትዮጵያ ጎዳና ቡና የሚያፈላው፣ «ሌ ኬስ» (ትርጉሙ «ሣጥኖቹ» ማለት ነው) በሚባለው ገበያ ሻሽ የሚሸጠው የእኛ ሰው ድምፅ አይሰጥም። ድምፅ የማይሰጥ ሰው አስተያየቱን የሚያስገባበት ብቸኛ በር ያ የተለጠፈ ማስታወቂያና ያ የተከፈተ መዝገብ ነው። ሕገ መንግሥቱ ፈረንሳይኛንና ዓረብኛን የመንግሥት ቋንቋ ስላደረገ መዝገቡ በእነርሱ ቢሆን አያስቀይምም። ከሥሩ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በአማርኛ አንድ አንድ መስመር መጨመርን ግን የሚከለክል ሕግ አላየሁም።

በአገር ቤትም ቢሆን ወረቀቱና ሥራው ሲተያዩ አይተናል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 (2008) ሕዝቡ በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ደንግጎ ነበር። በ2024 በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ግን የፒያሳ አሮጌ ቤቶች የፈረሱበት ፍጥነት የሚታወስ ነው። በመንገዱ ዳር የቀሩት ሕንጻዎች አንድ ዓይነት ቀለም እንዲቀቡና መብራት እንዲያበሩ ታዘዙ። መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛው መተላለፊያ ጸዳ፤ ይህን የካደ ሐሰተኛ ነው። ግራጫውን ማን መረጠው ብሎ የጠየቀ ባለሱቅ ግን መልስ ሰጪ አላገኘም።

ለጅቡቲ ጥያቄው እየቀረበ ነው። ከ2009 ጀምሮ ኮንቴይነሩ፣ ከ2017 ወዲህ ደግሞ ሌላው ጭነት ወደ ዶራሌ ሲሄድ ከመሐል ከተማው ጋር የተያያዘው አሮጌው ወደብ ባዶ እየሆነ መጣ። ቦታው ወደ ንግድ ማዕከልነት እንዲለወጥ መንግሥት ቻይና መርቻንትስ ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር ዕቅድ አውጥቷል። በሥዕሉ ላይ የመስተዋት ፎቅ ይታያል። የምኒልክ አደባባይ ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው።

በቅርቡ ሌላ ማስታወቂያ እንድተረጉም ሰጡኝ፤ የአንድ ጎዳና የሱቅ ፊት ጉዳይ ነው። በዚህ ጊዜ «ምርመራ» አላልሁም። ያንን የላቲን ስም አስታውሼ «የሚጠቅማችሁንና የሚጎዳችሁን መጠየቂያ» ብዬ ጻፍሁ። ረዘመብኝ፤ አሳታሚውም ከሰሌዳው ይወጣል ብሎ አጉረመረመ። እኒያ አዛውንት በበራቸው ላይ ተለጥፎ አነበቡትና «የዓምዱን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነስ ይጠየቃል?» አሉኝ። ይህንኑ በፈረንሳይኛ መዝገቡ ላይ ጻፍሁላቸው፤ ስማቸውን ግን በአማርኛ ፈረሙ።